የኔትዎርክ ካርድ ድራይቨር ሥራው ሲሰናከልበት

ኮምፒዩተር ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገረው በኔትዎርክ ካርድ አማካይነት መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ካርዱ ግን በራሱ ዕቃ ብቻ ነው፤ እንደ ማንኛውም ዕቃ የሚያዘው ይፈልጋል። ካርዱን የሚያዘውና የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ትእዛዝ ካርዱ በሚገባው መንገድ የሚያስተላልፈው የሶፍትዌር ክፍል ድራይቨር ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ድራይቨሩ ሥራው ሲቃናለት የሚያደርገውን ሳይሆን፥ በመካከል ሲሰናከልበት የሚያደርገውን ነው። ኮምፒዩተር ያለ ምክንያት በድንገት ቀጥ ብሎ ቀረ ሲባል፥ ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ይገኛልና።

ምሳሌዬን የምወስደው ከሊኑክስ ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፥ ኮዱ ለማንም ክፍት ስለ ሆነ እኔም ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ድራይቨሮቹን ገልጬ ለማንበብ ችያለሁ። ኮዱ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍም ባልኖረ ነበር።

ሊኑክስ ካርዱን ባገኘ ጊዜ ድራይቨሩን ይጠራዋል። ድራይቨሩም ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁሉ በየተራ ይበደራል። በመጀመሪያ ስለ ካርዱ የሚመዘግብበትን ሜሞሪ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ካርዱን ያነቃል፤ በሦስተኛ ደረጃ የካርዱ መቈጣጠሪያ ሬጅስተሮች የሚገኙበትን አድራሻ ይይዛል፤ በአራተኛ ደረጃ «ካርዱ ሲጣራ እኔን ቀስቅሱኝ» ብሎ በኢንተራፕት መስመር ላይ ይመዘገባል፤ በአምስተኛውና በመጨረሻው ደረጃ «ይህ ካርድ ለአገልግሎት ዝግጁ ነው» ብሎ ያስታውቃል። ከነዚህ ከአምስቱ በማናቸውም ላይ ሊከለከል ይችላል። ሜሞሪ ያልቃል፤ ካርዱም ተበላሽቶ መልስ የማይሰጥበት ጊዜ አለ።

ይህን ነገር ለወላጆቻችን ለማስረዳት ከዕድር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሠርግ የሚደግስ ሰው ከዕድሩ ድንኳኑን፥ አግዳሚ ወንበሩን፥ ብረት ድስቱን በየተራ ይወስዳል። ሠርጉ በዋዜማው ቢፈርስ የወሰደውን ሁሉ መመለስ አለበት፤ ባይመልስ ግን የሚጐዳው እርሱ ሳይሆን በማግሥቱ ሐዘን የሚደርስበት ጎረቤቱ ነው። አመላለሱም ሥርዓት አለው፤ ወንበሩ ከውስጥ ሳይወጣ ድንኳኑ አይነቀልም። ድራይቨርም እንዲሁ በአራተኛው ደረጃ ላይ ቢሰናከል በመጀመሪያ ሦስተኛውን፥ ከዚያ ሁለተኛውን፥ በመጨረሻ አንደኛውን መልሶ፥ ለጠራው ለሊኑክስ የስሕተቱን ቁጥር መስጠት አለበት። በሊኑክስ ልማድ ዜሮ «ተሳክቷል» ማለት ሲሆን፥ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር መሰናክሉን ይናገራል። ለምሳሌ -12 «ሜሞሪ አጣሁ»፥ -5 ደግሞ «ከዕቃው ጋር መነጋገር አልቻልሁም» ማለት ነው።

ሲ በተባለው ቋንቋ ይህ አመላለስ የሚጻፈው «ጎቱ» በሚባለው ትእዛዝ ነው። የኔዘርላንዱ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ደብዳቤ ጎቱን አጥብቀው ስለ ነቀፉ፥ ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ተማሪውን ከዚህ ትእዛዝ ያርቁታል። በሊኑክስ ድራይቨሮች ውስጥ ግን በፋንክሽኑ ግርጌ መለያዎች በተራ ተደርድረው ይታያሉ፤ ሥራው የተሰናከለበት ድራይቨር እንደ ደረሰበት ደረጃ ወደ ተገቢው መለያ ይዘልና፥ ከዚያ ጀምሮ የተበደረውን እየመለሰ ወደ ታች ይወርዳል። በእኔ አስተያየት በሲ ቋንቋ ለዚህ ሥራ ከጎቱ የጠራ መንገድ የለም።

ባለፈው ክረምት ከኮምፒዩተር መምህራችን ጋር ሆነን የአንድ አሮጌ ካርድ ድራይቨር መስመር በመስመር አነበብን። አምስተኛው ደረጃ ሲከለከል ኮዱ የሚዘለው ወደ ተሳሳተ መለያ ነበር፤ ሜሞሪውን ይመልሳል፥ ኢንተራፕቱን ግን እንደ ተመዘገበ ይተወዋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም በቀድሞዎቹ የፒሲአይ ካርዶች አንድ የኢንተራፕት መስመር ለብዙ ዕቃዎች የጋራ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ሲጣራ በመስመሩ ላይ የተመዘገቡት ሁሉ ይቀሰቀሳሉ። እንግዲህ የኔትዎርክ ካርዱ ሥራ ሳይጀምር ቀርቷል፤ ሜሞሪውም ለሌላ ተሰጥቷል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያው መስመር ላይ ያለው የዲስክ መቈጣጠሪያ ይጣራል። ምዝገባው ያልተሰረዘለት ድራይቨርም ይቀሰቀስና፥ የራሱ መስሎት የሌላውን ሜሞሪ ይነካል፤ ማሽኑም ይወድቃል። የኮምፒዩተሩ ባለቤት ዲስኩን ይጠረጥራል፤ ምናልባትም ደኅናውን ዲስክ አውጥቶ አዲስ ይገዛል። ሥራ ያልጀመረውን ካርድ ማን ይጠረጥረዋል?

ለማረም አንድ አዲስ መለያ ጨመርን፤ ከሥሩ ኢንተራፕቱን የሚመልሰውን ትእዛዝ አኖርን፤ ዝላዩንም ወደዚያ አዞርን። በጠቅላላው ሦስት መስመር ነው።

ይህን ለአባቴ ብነግራቸው «ለመሆኑ ያ አምስተኛ ደረጃ የሚከለከለው ስንት ጊዜ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእውነቱ እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው፤ ጉድለቱ ሳይታይ የኖረውም ስለዚሁ ነው። ደኅናው መንገድ በየቀኑ ስለሚረገጥ ጉድጓዱ ቶሎ ይታያል፤ የመሰናክሉ መንገድ ግን ችግር እስኪመጣ ድረስ የሚሄድበት የለም። ስለዚህ ሊኑክስ የሜሞሪን ጥያቄ ሆን ብሎ የሚከለክል መፈተኛ አለው። እኛም በዚህ መፈተኛ አምስተኛውን ደረጃ ደጋግመን አሰናከልነው። ከማረሚያው በፊት ማሽኑ ወደቀ፤ ከማረሚያው በኋላ ግን ድራይቨሩ -12 መልሶ ማሽኑ ሥራውን ቀጠለ።

እንዲህ ያለው ጉድለት የአሮጌ ካርዶች ዕጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፥ ኢ1000 የተባለውን የኢንቴል ካርድ ድራይቨር ከፊሉን ወደ ጃቫ ቋንቋ ሲያዛውሩ፥ ስሕተት ችላ የተባለበት ወይም ያለ አግባብ የተያዘበት 28 ቦታ አግኝተዋል። ይህ ድራይቨር በብዙ አገር የሚሠራበትና ብዙ ባለሙያ ያየው ነበር። በሲ ቋንቋ የተመለሰውን ቁጥር ማንም ዞር ብሎ ካላየው በዝምታ ይጠፋል፤ በጃቫ ግን የተነሣ ስሕተት የሚይዘው እስኪያገኝ ድረስ ወደ ላይ ይወጣል።

በኋላ ጊዜ የተጻፉ ብዙ ድራይቨሮች ብድራቸውን ሊኑክስ ራሱ በመዝገብ እንዲይዝላቸው ያደርጋሉ፤ ሥራው ቢሰናከል ሊኑክስ ከመጨረሻው ጀምሮ ይመልስላቸዋል። መልካም ዘዴ ነው። ነገር ግን ካርዱ በእጁ የሌለ ሰው የቈየውን ድራይቨር በሙሉ ወደዚህ ዘዴ ልለውጥ ቢል፥ ከፊሉን በእጁ ከፊሉን በመዝገቡ ሲመልስ ቅደም ተከተሉ ሊፋለስበት ይችላል። እኛም በሦስቱ መስመር የረጋነው ለዚህ ነው።

ከክፍላችን ድራይቨር ለማንበብ የሚፈልግ ቢኖር ከፋንክሽኑ ግርጌ ይጀምር። የብድሩን ደረጃዎች ከላይ ወደ ታች በወረቀት ይጻፍ፤ በአጠገባቸውም መለያዎቹን ከታች ወደ ላይ ይጻፍ። ሁለቱ ዝርዝሮች ያልተገጣጠሙበት ቦታ ካለ፥ እዚያ ላይ እርሳሱን ያኑርና ኮዱን እንደ ገና ያንብብ።