ከዘነበወርቅ እስከ ባሕር ዳር ስንት ቀን ነው?

ዘነበወርቅ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ያለ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ እዚያው ተቋቋመ። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ የተነሡ ሕመምተኞች መድኃኒት ፍለጋ ወደዚህ ይመጡ ነበር። ብዙዎቹም ሳይመለሱ በአካባቢው ጎጆ ቀልሰው ቀሩ።

ታዲያ ምን ያህል መንገድ ነው? እስቲ የባሕር ዳሩን ወስደን እናስላ።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው በእግሩ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 560ን ለ30 እናካፍላለን፤ 19 ቀን ገደማ ይሆናል። ይህም ለጤነኛ ሰው ነው። ሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል፤ እግርን ያደነዝዛል። የደነዘዘ እግር እሾህ ቢወጋው፣ ድንጋይ ቢልጠው አያመውም። ባለቤቱ ሳያውቀው ይቆስላል፤ በቁስሉም ላይ ይሄድበታል። እንዲህ ያለው ሰው ሕክምና ፍለጋ በተጓዘ ቁጥር እግሩን ይጨርሳል። የመንገዱ ርቀት ራሱ አካል ያጎድል ነበር ማለት ነው።

አውቶቡስ መንገዱ ሰላም ሲሆን በአንድ ቀን ይደርሳል። የሚያዘገየው የዓባይ ሸለቆ ነው። ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም እስከ ደጀን ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ሆዱ የማይገለባበጥ ተሳፋሪ ጥቂት ነው!

አውሮፕላንን ግን ገደልም ወንዝም አያግደውም። በቀጥታ ሲበር ርቀቱ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በረራውም 1 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አውሮፕላኑ በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ከቻለ ለምን ቀድሞ አይደርስም? ሲነሣና ሲያርፍ ቀስ ይላላ! መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ተራም ይጠብቃል። ሩቅ አገር ሲኬድ ይህ ትርፍ ጊዜ ብዙም አይታወቅም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው። ዛሬ ጄት አዲስ አበባና ካይሮን በ4 ሰዓት ያህል ያገናኛል።

አንድ ነገር አንርሳ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በከተማው በሌላው ጫፍ ነው። የዘነበወርቅ ሰው ታክሲ ቀያይሮ ከተማውን ያቋርጣል፤ ከዚያ ይፈተሻል፣ ይጠብቃል። «አንድ ሰዓት» የተባለው ጉዞ ከቤት እስከ ቤት ሲቆጠር ግማሽ ቀን ይሆናል። ቲኬቱም ለገበሬ ኪስ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ የታማሚውን ጉዞ ያሳጠረው አውሮፕላን ሳይሆን መድኃኒቱ ነው። በ1974 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ለሥጋ ደዌ ከአንድ በላይ መድኃኒት በአንድነት እንዲሰጥ መከረ። ሕክምናው እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ ክፍያ የለውም። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ በሽታው ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ ቶሎ ይቆማል። በቆዳው ላይ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነኩት የማይሰማው ምልክት ያየ ሰው 19 ቀን መጓዝ የለበትም፤ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ። ወደ አለርት የሚላከው ነገሩ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን ነው።