ባለ ክሩና ባለ ኤልኢዲው የእጅ ባትሪ

ባለ ክር አምፖል የእጅ ባትሪ አዲስ ልግዛ ያለ ሰው ዛሬ ብዙ ሱቅ ይዞራል። መደርደሪያውን የያዘው ኤልኢዲ ነው፤ ከአውራ ጣት የማይበልጠው፣ ከቁልፍ ጋር የሚንጠለጠለው፣ ግንባር ላይ የሚታሰረው፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚሞላው ሁሉ ኤልኢዲ ነው። ያ ጭንቅላተ ሰፊው ቆርቆሮ ባትሪ፣ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ድንጋዩ፣ ቢገኝ አንድ የገጠር ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነው። አዲሱ አሮጌውን ያሸነፈው ስለሚደምቅ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ድምቀቱ እውነት ነው፤ የነገሩ ግማሽ ግን አይሆንም። ዋናው ለውጥ ከአንድ ጥንድ ድንጋይ የሚገኘው ብርሃን መብዛቱ ነው። በዚያው ልክ ደግሞ ባለ ክሩ ላይ በዓይን ይታይ የነበረው ጉድለት ባለ ኤልኢዲው ውስጥ ተደብቋል፤ ገዢው የሚታለለውም በዚህ በኩል ነው።

የእጅ ባትሪ ራሱ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ብዙም አይርቅም። ዴቪድ ሚሴል የሚባል እንግሊዛዊ የፈጠራ ባለሙያ ድንጋዮችን በአንድ ቱቦ ውስጥ ደርድሮ ጫፉ ላይ አምፖልና አንጸባራቂ የገጠመበት ሥራ አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በጥር 1899 ነው። መብቱን የያዘው ኩባንያ የኮንራድ ሁበርት ነበር፤ ሁበርት ከሩሲያ ግዛት ተሰዶ ኒው ዮርክ የገባ ነጋዴ ሲሆን፣ ድርጅቱ በኋላ ኤቨሬዲ በሚለው ስም ታወቀ። የዚያን ጊዜ ድንጋይ ደካማ፣ የአምፖሉም ክር ከካርቦን የተሠራ ስለነበር ባትሪው ለረጅም ጊዜ አይበራም፤ ብልጭ አድርገው ካዩ በኋላ ማሳረፍ ግድ ነበር። የካርቦኑ ክር በተንግስተን ሲተካና ድንጋዩም ሲሻሻል ነው ዕቃው የዘበኛና የመንገደኛ ሁነኛ መሣሪያ የሆነው።

ባለ ክሩ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። እንደ ፀጉር በቀጠነ የተንግስተን ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽቦው ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግልና ያበራል። ተንግስተን የተመረጠው ለመቅለጥ 3,422 ዲግሪ ስለሚፈልግ ነው፤ ሌላ ብረት ይህን ያህል አይችልም። ችግሩ በዚህ ግለት ላይ ያለ ሽቦ ከሚያወጣው ኃይል አብዛኛው ዓይናችን የማያየው ሙቀት መሆኑ ነው። ለባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ የሚሠራው ፒአር 2 የተባለው የታወቀ አምፖል ግማሽ አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህ ከአንድ ዋት ትንሽ ከፍ ያለ ኃይል ነው። በምላሹ የሚሰጠው 10 ሉመን ገደማ ነው። ሉመን ከመብራቱ በሁሉም አቅጣጫ የሚወጣው የብርሃን ጠቅላላ ድምር ማለት ነው፤ አንድ ተራ ሻማ 12 ሉመን ገደማ አለው። እንግዲህ ያ ጨለማውን ይሰነጥቅ የነበረው ባትሪ በድምሩ ከሻማ አይበልጥም ነበር። ጉልበተኛ ያስመሰለው ከጀርባው ያለው አንጸባራቂ ነው፤ የተበተነውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይልከዋል።

የአምፖሉ ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው። ፒአር 2 በተተመነለት ቮልት ሲበራ እንዲቆይ የታሰበው 15 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የጋለው ሽቦ ቀስ በቀስ እየተነነ መስተዋቱን ያጠቁረዋል፤ ሽቦውም ከሳሳው ቦታ ላይ ይበጠሳል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ገና ማብሪያው ሲጫን ነው፤ ቀዝቃዛ ተንግስተን ኤሌክትሪክን የሚያግደው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ መጀመሪያ የሚገባው ኃይል ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ነው። በርቶ ሳለ ከእጅ ከወደቀማ አለቀለት። መጠባበቂያ አምፖል የሚይዙት ሰዎች ወደው አልነበረም።

ኤልኢዲ ግሎ የሚያበራ ሽቦ የለውም። ብርሃኑ የሚወጣው ከአንድ ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው፤ ኤሌክትሮን ከከፍተኛ ደረጃ ወደ ዝቅተኛ ሲወርድ ትርፍ ኃይሉን በብርሃን መልክ ይለቃል። ለዓይን የሚታይ ቀይ ኤልኢዲ ኒክ ሆሎንያክ በ1962 አሳይቶ ነበር፤ ነገር ግን ቀይና አረንጓዴ ብቻውን ነጭ አይሆንም፤ ሰማያዊ ጠፍቶ ሠላሳ ዓመት ተፈለገ። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ የተባሉ ተመራማሪዎች በጃፓን ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ሲሠሩ ነገሩ ተፈታ። ለዚሁ ሥራ በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ዛሬ በእጃችን ያለው ነጭ ኤልኢዲ እንዲያውም ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ የተቀባው ቢጫ ፎስፈር ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፣ የሁለቱ ድብልቅ ለዓይን ነጭ ይሆናል። ሲጠፋ ቺፑን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ቢጫውን ቅብ ያገኘዋል።

ጥቅሙን በቁጥር ለማየት ሚኒ ማግላይት የተባለው የአሜሪካ ባትሪ ይመቻል። በ1984 የወጣ ትንሽ የአልሙኒየም ባትሪ ነው፤ ለግድግዳ ሰዓት የምናስገባውን ዓይነት ሁለት ቀጫጭን ድንጋይ ይጎርሳል፣ መጠባበቂያ አምፖሉንም በኋላ ክዳኑ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ባለ ክሩ ወደ 14 ሉመን እየሰጠ አምስት ሰዓት ገደማ ይቆያል። በጠቅላላው 70 ሉመን ሰዓት ማለት ነው። ሁለት ጥሩ አልካላይን ድንጋዮች ተደምረው የሚሰጡት ኃይል 6 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ደህና ኤልኢዲ ከአንድ ዋት 100 ሉመንና ከዚያ በላይ ያወጣል፤ ከኃይሉ አንድ አምስተኛውን ኤልኢዲውን የሚመግበው መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት በላው ብንል እንኳ ወደ 480 ሉመን ሰዓት ይቀራል። በዚያው በ14 ሉመን ብንወሰን ያው ጥንድ ድንጋይ ከ30 ሰዓት በላይ ያበራል። ዛሬ በተመሳሳይ ቀፎ የሚሸጠው ኤልኢዲው ሚኒ ማግላይት ግን ከ200 ሉመን በላይ እያወጣ ድንጋዩን በጥቂት ሰዓት የሚጨርስ ዓይነትም አለው። ትርፉን በድምቀት መብላትም በሰዓት መብላትም የባለቤቱ ፈንታ ነው። ለእኔ ድንጋይ መግዣ ገንዘብ ለሚቆጥር ቤት ሰዓቱ ይሻላል፤ ዕቃ ፍለጋና ደጅ መውጫ 200 ሉመን አያስፈልግም።

ርቀት ላይ ስንመጣ ግን አሮጌው እንደሚታሰበው አልተዋረደም። ብርሃን የሚወጣበት ቦታ ባነሰ ቁጥር አንጸባራቂው ብርሃኑን አጥብቦ ራቅ ወዳለ ቦታ መላክ ይቀለዋል። የአምፖል ክር ነጥብ የምታህል ናት፤ ስለዚህ በ10 ሉመን እንኳ ከአጥር ማዶ የቆመ ጅብ ዓይኑ ሲያበራ ያሳያል። ዘጠኝ ትናንሽ ኤልኢዲ የተሰካበት ርካሽ ባትሪ በአንጻሩ አጠገብን እንደ ቀን እያደረገ ከግቢው በር አያልፍም። አንድ ብርቱ ቺፕ ከጥልቅ አንጸባራቂ ጋር የተገጠመበት ኤልኢዲ ከሁለቱም ይርቃል። ሉመን ብቻ አይቶ የገዛ ዘበኛ እዚህ ላይ ይቆጨዋል። በ2009 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የእጅ ባትሪ መለኪያ ደረጃ ርቀትን ለብቻው የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብርሃኑ 0.25 ሉክስ፣ ማለትም ሙሉ ጨረቃ የምትሰጠውን ያህል፣ እስኪቀር ድረስ ያለውን ርቀት በሜትር ይጽፋል። በዚሁ ደረጃ «ይህን ያህል ሰዓት ይሠራል» የሚለው ቁጥር የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው አንድ አሥረኛ እስኪቀር ነው። ሃያ ሰዓት ተብሎ ቢጻፍ ሃያውንም ሰዓት እኩል ይደምቃል ማለት አይደለም።

ሁለቱ በጣም የሚለያዩት ድንጋዩ ሲደክም ነው። ባለ ክሩ ቮልቱ በአሥር በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በሠላሳ በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካንማ፣ በመጨረሻ ፍም መስሎ ይቀራል። ባለቤቱም አይቶ ያውቀዋል፤ ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። በማስጣቱ አንድ ነገር ያገኛል፤ ሙቀቱ የድንጋዩን ኬሚካላዊ ሥራ ያፋጥናል፣ እረፍቱም ቮልቱን ትንሽ ያነሣዋል። አዲስ ኃይል ግን አይጨምርም፣ የቀረውን ማስጨረስ ነው። መቆጣጠሪያ ያለው ኤልኢዲ የተለየ ጠባይ አለው። ነጭ ኤልኢዲ ሦስት ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ ሁለት ያገለገሉ ድንጋዮች አይበቁትም፤ ውስጡ ያለው ትንሽ ሰርኪዩት ቮልቱን ከፍ እያደረገ ይመግበዋል። ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ጸንቶ ይቆይና ድንገት ያሽቆለቁላል። መንገድ ላይ ለሆነ ሰው ይህ አደገኛ ነው፤ ባለ ክሩ አስቀድሞ ያስጠነቅቅ ነበር።

በሌላ በኩል ባለ ክሩ «ሞተ» ብሎ የጣለውን ድንጋይ ኤልኢዲ ብዙ ሌሊት ያበራበታል። ሆኖም ርካሹ ካርቦን ዚንክ ድንጋይ የውጭ ግድግዳው ራሱ የሚበላው ዚንክ ስለሆነ እስከ ጥግ ሲጨመቅ ይቀደድና ያፈሳል፤ ሞላውንና ማብሪያውን ዝገት በልቶት የተጣለ ደህና ባትሪ ስንት ነው!

በቀለም ረገድ ፍርዴ ለአሮጌው ነው። የጋለ ሽቦ የሚያወጣው ብርሃን ከቀይ እስከ ሰማያዊ ሳይቋረጥ የተያያዘ ነው፤ ምንም እንኳ ወደ ቢጫ ቢያደላ ደምን ከጭቃ፣ ቀይ ሽቦን ከቡናማ ለመለየት አያስቸግርም። ርካሽ ኤልኢዲ ሰማያዊ ይበዛበታል፣ ቀይ ይጎድለዋል፤ ፊት ሁሉ የታመመ ይመስላል። የቀለም ጥራት መለኪያው ከ90 በላይ የሆነ ኤልኢዲ ይህን ያስተካክለዋል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ብርሃኑም በመጠኑ ይቀንሳል።

ስለ ኤልኢዲ ዕድሜ የሚነገረው 50,000 ሰዓት እውነት የሚሆነው ሙቀቱ መውጫ ካገኘ ነው። ከፊት የሚወጣው ብርሃን እጅ አያቃጥልም፤ ቺፑ ከጀርባው ግን ይግላል። ለዚህ ነው ደህና ባትሪ የአልሙኒየም ቀፎ ያለው፣ በብርቱው ሲበራም ቀፎው የሚሞቀው። ብርቱ ቺፕ በፕላስቲክ ቀፎ ውስጥ ታፍኖ ቀዝቅዞ የሚያዝ ከሆነ ሙቀቱ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፣ ቺፑም ቶሎ ይደክማል። ኬንያ ውስጥ ተመራማሪዎች የርካሽ ኤልኢዲ ባትሪ ተጠቃሚዎችን ጠይቀው አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ብልሽት እንደገጠማቸው አግኝተዋል። ጥፋቱ የቴክኖሎጂው አይደለም፤ አንድ ጊዜ የከሰረ ገዢ ግን ወደ ኩራዙ ይመለሳል።

የሚሞላ ባትሪ ሲገዙ ሁለት ነገር ይጠይቁ። ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰኩት ርካሽ ባትሪዎች ብዙዎቹ ውስጣቸው ትንሽ የእርሳስ አሲድ ባትሪ አለ፤ ባዶውን ለወራት ከተቀመጠ ሁለተኛ አይሞላም፣ ስለዚህ ሞልተው ያስቀምጡት፣ ሳይሠሩበትም በየጊዜው ይሙሉት። 18650 የሚባለው የሊትየም ድንጋይ ደግሞ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት አለው፤ በዚህ ልክ ውስጥ ከ4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ብዙም አያልፍም። ላዩ ላይ 9,900 የተጻፈበት ካዩ ውሸት ነው። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ባትሪ ላይ የሚጻፈው መቶ ሺህ ሉመንም እንዲሁ።

ለቤት ልምረጥ ብባል የምወስደው ባለ አንድ ቺፕ፣ የአልሙኒየም ቀፎ ያለው፣ ዝቅ ብሎም የሚበራ፣ በየሱቁ የሚገኝ ድንጋይ የሚቀበል ኤልኢዲ ነው። ባለ ክሩን ከአያት የወረሰ ሰው አይጣለው፤ ለአንዳንዶቹ ቀፎውን ሳይነኩ አምፖሉን ብቻ የሚተካ ኤልኢዲ ይሠራል። ሲገዛ ግን የሚችለው ቮልት ከድንጋዩ ብዛት ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ለሁለት ድንጋይ የተሠራው በሦስት ሊቃጠል፣ ለብዙ ድንጋይ የተሠራው በሁለት ጨርሶ ላይበራ ይችላል።