በሩን ክፈቱልን፣ ቀሪውን እኛ እንሠራዋለን

ባለፈው ቅዳሜ ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል ቁጭ ብለን ዓሣ እየበላን ነው። አብሮኝ ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልኩን አወጣና “እስቲ ይቺን ሞክራት” አለኝ። የቴሌግራም ቦት ነች። “ምሳ” ብዬ ስጽፍላት በግቢው ዙሪያ ያሉ ምግብ ቤቶችን ከነዋጋቸው ደረደረችልኝ። ሽሮ መረጥኩ። ሰዓት ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ከዚያ ቆመች።

“ክፍያውስ?” አልኩት።

“እሱ ገና በእጅ ነው” አለኝ እየሳቀ።

ቦቷን ሠርቶ የጨረሳት በአራት ምሽት ነው። ክፍያ ለማገናኘት ግን አራት ወር ደጅ ጠንቶ አልተሳካለትም። የሄደበት ድርጅት ገና ምንም ሳይሞክር ንግድ ፈቃድ አምጣ ብሎታል። ልጁ ያው ልጅ ነው፣ ችሎታውም ያው ነው። የተለያዩት በሮቹ ናቸው።

ቴሌግራም የቦት መሥሪያ በሩን ለማንም የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ቦትፋዘር ለሚባለው ቦት ትጽፋላችሁ፣ ለቦታችሁ ስም ትሰጣላችሁ፣ ቁልፍ ይሰጣችኋል፣ አለቀ። ክፍያ የለም፣ ማህተም የለም። እኛ ሀገር ሥራ የምንፈልግባቸውን፣ መጽሐፍ የምናወርድባቸውን ቦቶች የቴሌግራም መሐንዲሶች ቁጭ ብለው አልሠሯቸውም። የሠሯቸው እንደዚህ ልጅ ያሉ የውጭ ዴቨሎፐሮች ናቸው። ኩባንያው የሀዋሳ ተማሪ ምሳ የት እንደሚበላ ማወቅ አላስፈለገውም። የሚያውቀው ሰው እንዲገባ በሩን ብቻ ከፈተ።

ይህ በር ኤፒአይ ይባላል። ቴክኒካዊ ስሙ አያስፈራችሁ፣ አሞራ ገደልን ብቻ ተመልከቱ። አጥማጁ ዓሣውን ከሐይቁ ያወጣል። ከዚያ አንዱ ይገፈዋል፣ አንዷ ትጠብሰዋለች፣ ሌላዋ ሾርባ ታደርገዋለች፣ ጥሬውን በዳጣ የሚያቀርብም አለ። አጥማጁ “ሁሉንም ራሴ ካልሠራሁ” ቢል ኖሮ ይሄ ሁሉ ገበያ ባልነበረ።

“ገንዘብ ግን እንደ ምሳ ዝርዝር ለማንም አይሰጥም” የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። የሰው ሒሳብ ያለበት በር ጠባቂ ያስፈልገዋል። ግን ለዚህም መላ አለው። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ሳፋሪኮም የኤምፔሳን በር ለዴቨሎፐሮች የከፈተበትን መድረክ “ዳራጃ” ብሎታል፣ በስዋሂሊ ድልድይ ማለት ነው። ዴቨሎፐሩ በኦንላይን ይመዘገብና ሳንድቦክስ በሚባለው መለማመጃ ውስጥ ሥራውን ይፈትሻል። የማንም ብር አይነካም። ፈቃድና የንግድ ቁጥር የሚጠየቀው ወደ እውነተኛው ገንዘብ ሲሻገር ነው። ቅደም ተከተሉን አያችሁት? መጀመሪያ ሙከራ፣ ከዚያ ወረቀት።

እኛም ጋ ጅምሩ አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አብዛኞቻችን የምናውቀው ገንዘብ መላኪያነቱን ነበር። ዛሬ ሱፐርአፑን ስትከፍቱ የሌሎች ድርጅቶች ሚኒ አፖች ውስጡ ተደርድረው ታገኛላችሁ። እንደ ቻፓ ያሉ የሀገር ውስጥ ኩባንያዎችም ክፍያን ከድረ ገጽና ከአፕ ጋር የሚያገናኝ ኤፒአይ ይዘው መጥተዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ይፋ ሆነ። ጥሩ ነው። ግን ኮድ የተማረ ወጣት የሚያንኳኳው በር ከሌለ ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መቀመጡ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን ለእናንተ ለሠሪዎቹ ልንገራችሁ። በር የከፈተ መልሶ ሊዘጋም ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ትዊተር ለዓመታት ሲሠሩ የነበሩ የውጭ አፖችን በድንገት አገዳቸው። ተጠቃሚ የለመዳቸው፣ ባለቤቶቻቸው እንጀራ የበሉባቸው አፖች ነበሩ። ስለዚህ ሥራችሁን ሁሉ በአንድ ኩባንያ በር ላይ አታንጠልጥሉ። የደንበኞቻችሁን መረጃ በራሳችሁ እጅ፣ በጥንቃቄ ያዙ። ሁለተኛ መውጫም አዘጋጁ። ኩባንያዎቹም ቢሆኑ ሕጋቸውን ሲቀይሩ አስቀድመው ቢናገሩ፣ የሚሠራላቸው ሰው አያጡም።

ሒሳብ ጠየቅን። ዓሣ ሻጯ ቁጥሯን ጠራችልን፣ ልጁ በስልኩ ላከላት። ወዲያው የእሷ ስልክ ድምፅ አሰማ፤ አየት አድርጋ “ገብቷል፣ ተባረክ” አለችው።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። “አየህ፣ የኔ ቦት የጎደላት ይቺው ‘ገብቷል’ ብቻ ናት” አለኝ።