የቧንቧ ውኃና «ሃይላንድ»

አንባቢ ሆይ፤ አውቶቡስዎ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ሲቆም በመስኮቱ የሚዘረጋልዎ «ሃይላንድ» ነው። የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን፣ ስሙ ያው ሃይላንድ ነው፤ የአንዱ የንግድ ስም ለሁሉም ተርፏልና።

ደመወዝዎ ወሩን የማይዘልቅ ከሆነ ግን ቧንቧዎን አይናቁት። ክሎሪን የገባበት ውኃ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ውኃ ሲቋረጥ ባዶው ቧንቧ በስንጥቁ እድፍ ይስባል፤ ስለዚህ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደውን ለልብስ ማጠቢያ ይተዉት። የባሰው ጠላት ከጓዳ ተቀምጧል፤ ከታጠበ ወራት ያለፈው ጀሪካን!

ማፍላት መልካም ነው፤ ከተንተከተከ 1 ደቂቃ፣ በደጋው 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ከሰሉ ተወደደብኝ ካሉ፣ ከ2 ሊትር የማይበልጠውን ጥርት ያለ ባዶ ሃይላንድ አይጣሉት። አጥበው፣ ያልደፈረሰ የቧንቧ ውኃ ሞልተው፣ ከድነው፣ ጣራ ላይ አጋድመው 6 ሰዓት ፀሐይ ያስመቱት፤ ደመና ከበዛ 2 ቀን። ጨረሩ ተቅማጥ የሚያመጡትን ተሐዋስያን ይገድላል። (በዚህስ የሚኤሶ ፀሐይ ከጭሮዋ ትበልጣለች።)

በስምጥ ሸለቆ ከርሰ ምድር ውኃ የሚገኘውን፣ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ ግን ፀሐይም እሳትም አያስወጣውም። እንዲህ ባለ ቦታ ለታሸገ ውኃ የሚከፈለው ገንዘብ አያስቆጭም፤ ብቻ መለያውን አንብበው ይግዙ፤ ፍሎራይዱ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ።