ሆድን መግዛትና አንጎል

ተረት፦ የሚወፍር ሰው ሆዱን መግዛት ያቃተው ነው።

እኛ ዘንድ መወፈር «ደልቶታል» ያሰኝ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ አሁን ፍርዱ ተገልብጧል። እውነታውን ለማየት በእንግሊዝ፣ ካምብሪጅ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ያደረጓቸውን ሁለት ዘመዳሞች ማንሳት ይበቃል። ልጅቷ 8 ዓመቷ ሲሆን 86 ኪሎ ትመዝን ነበር፤ የአክስት የአጎት ልጅ የሆናት ሕፃን ደግሞ ገና በ2 ዓመቱ 29 ኪሎ ደርሷል። ሁለቱም በተፈጥሯቸው ሌፕቲን አልነበራቸውም። ሌፕቲን ከሰውነት ስብ የሚመነጭ ሆርሞን ነው፤ በደም ተጉዞ ሃይፖታላመስ ለተባለው የአንጎል ክፍል «ስንቅ አለን» የሚል መልእክት ያደርሳል። መልእክቱ ካልደረሰ አንጎል የተራበ ያህል ይሠራል። ልጅቷ ሌፕቲን በመርፌ ሲሰጣት በአንድ ዓመት ውስጥ 16 ኪሎ ገደማ ቀነሰች። ይህን ማን «ጨዋ ሆነች» ይለዋል?

እንዲህ ያለው እጥረት እጅግ ብርቅ ነው። አብዛኛው ወፍራም ሰው ሌፕቲን ሞልቶታል፤ ችግሩ አንጎሉ ለመልእክቱ የሚሰጠው ምላሽ መድከሙ ነው።

ተረት፦ የወፍራም ሰው አንጎል መበላሸቱ በኤም.አር.አይ ታይቷል።

የታየው ልዩነት እንጂ ብልሽት አይደለም። ሰውየው መሣሪያው ውስጥ ምንም ሳይሠራ ይተኛል፤ በየአንጎል ክፍሉ ያለው የደም ኦክስጅን ሲለዋወጥ ይለካል። አብረው ከፍ ዝቅ የሚሉ ክፍሎች «ተገናኝተዋል» ይባላል። ብዙ ጥናቶች በምግብ ደስታና ራስን በመቆጣጠር ላይ በሚሠሩ ኔትወርኮች በኩል በወፍራሞችና በቀጫጭኖች መካከል ልዩነት አግኝተዋል። ይህ ግን የቡድን አማካይ ነው፤ የአንድን ሰው ምስል አይቶ ክብደቱን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የትኛው የትኛውን እንዳመጣም አንድ ጊዜ የተነሣ ምስል አይመሰክርም።

ብዙ ሰው የማይሰማው ሌላ ጣጣም አለ። ጭንቅላት ሚሊሜትር ባልሞላ እንኳ ሲነቃነቅ መሣሪያው ይሳሳታል፦ የተቀራረቡ ክፍሎችን ግንኙነት ያጋንናል፣ የተራራቁትን ያሳንሳል። ክብደት ያለው ሰው ደግሞ መሣሪያው ውስጥ በአማካይ የበለጠ ይነቃነቃል፤ አንዱ ምክንያት አተነፋፈስ ነው። ስለዚህ «የአንጎል ልዩነት» ተብሎ ከተዘገበው ውስጥ ከፊሉ የትንፋሽ ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለ ንቅናቄው ምንም የማይል ጥናት ሲያጋጥመኝ ውጤቱን በግማሽ ልብ ነው የማነበው።

ተረት፦ ውፍረት የዶፓሚን ሱስ ነው።

ዶፓሚን ከደስታና ከጉጉት ጋር የተያያዘ የአንጎል ኬሚካል ነው። ወሬው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ 10 እጅግ ወፍራም ሰዎች ላይ ስለ ዶፓሚን ከተሠራ ጥናት ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች እርስ በርስ አይስማሙም።

ተረት፦ ሰውየው ሲከሳ አንጎሉም ይስተካከላል።

ቢሆን መልካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ስኳርና ስብ በአፍንጫ ቱቦ በቀጥታ ሆድ ውስጥ ጨመሩ፤ ምላስ እንዳይቀምስ ነው። የቀጫጭኖቹ አንጎል መብል መግባቱን አወቀ፤ የወፍራሞቹ ምላሽ ደከም ያለ ነበር። በ12 ሳምንት ከክብደታቸው 10 በመቶ ከቀነሱም በኋላ ምላሹ አልተመለሰም። ምናልባት 12 ሳምንት አጭር ይሆናል። ነገር ግን በሌላ ጥናት፣ አንጎል ላይ ጭምር ሠርቶ የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሰውን ሴማግሉታይድ የተባለ መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል።