ስለ ትንንሽ አይሮፕላኖች ጎማ አበላልና ስለ ማረፊያ ሜዳ አጠባበቅ

አይሮፕላን በሰማይ የሚበር ዕቃ ቢሆንም፥ ሥራውን የሚጀምረውም የሚፈጽመውም በምድር ላይ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በኢትዮጵያ አዝመራ ላይ በወረደ ጊዜ፥ ትንንሽ አይሮፕላኖች መድኃኒት እየረጩ ገበሬውን መርዳታቸው ይታወሳል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የአንበጣ መንጋ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል፤ ነፋስም ሲያግዘው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ አንድ አይሮፕላን በጎማ ምክንያት አንድ ቀን ቢቆም፥ ጉዳቱ የጎማው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሰው እህል ነው። ጎማው በማረፍ ላይ ሳለ ቢፈነዳ ደግሞ የነጂው ሕይወት ያሠጋል።

ጎማ በአንድ ወገን ብቻ የሚበላበት ምክንያት ብዙ ነው። መጀመሪያው የእግሩ አቀማመጥ ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ አይሮፕላኖች እግሩ እንደ ቀስት የሚለጠጥ ብረት ነው። ጭነት ሲከብደው እግሮቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ሲቀልለው ይሰበሰባሉ፥ መንኰራኵሩም ከላይ ወደ ውጭ ያዘነብላል። መድኃኒት የሚረጨው አይሮፕላን ሞልቶ ተነሥቶ ባዶውን ስለሚመለስ፥ በሚያርፍበት ጊዜ የጎማው የውጭ ጠርዝ ይበላል።

ሁለተኛው የመንኰራኵሮቹ አቅጣጫ ነው። ሁለቱ ጎማዎች ፊታቸውን ወደ ውስጥ ካዞሩ የውጭው ጠርዝ፥ ወደ ውጭ ካዞሩ የውስጡ ጠርዝ ይበላል፤ መንኰራኵሩ ሲንከባለል በጎኑም ይፋተጋልና። ሦስተኛው የነፋሱ መጠን ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ ሁለቱ ጠርዞቹ፥ የበዛበት ግን መካከሉ ይበላል። አራተኛው የአስተራረፍ ጕድለት ነው። ፍሬን ተይዞ ቢታረፍ ጎማው በአንድ ስፍራ ተልጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በጎን ነፋስ አፍንጫው ሳይቃና ቢታረፍ ጎማው በጎኑ ይፋቃል።

ጠቢባን መካኒኮች አቀማመጡን የሚመረምሩት እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ጎማ ሥር መካከላቸው ግራሶ የተቀባ ሁለት ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ያኖራሉ፤ አይሮፕላኑንም በጥቂቱ ሲያወዛውዙት እግሮቹ ሳይጨናነቁ በስፍራቸው ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ በሁለቱ ጎማዎች ፊት አጋድመው፥ የመንኰራኵሩን አቅጣጫ በስኳድራ ይለካሉ። ይህም ሲደረግ የአይሮፕላኑ ጭነት በሠሪው መጽሐፍ የታዘዘው መሆን አለበት። ጕድለት ከተገኘ በእግሩና በመንኰራኵሩ ዘንግ መካከል ስስ ሽብልቅ መሰል ብረት በማግባት ይቃናል። በአንድ ወገን የተበላ ጎማ ክሩ ካልታየ ተፈትቶ በሌላው ወገን ሊገጠም ይችላል፤ ክሩ የታየ ጎማ ግን ይጣላል እንጂ አይበረርበትም።

ይህ ሁሉ የመካኒክ ሥራ ነው። የአገር አስተዳዳሪና የመሬት ባለይዞታ ድርሻ ግን ሜዳው ነው። ማረፊያው በአገሩ ዘወትር በሚነፍሰው ነፋስ አቅጣጫ ቢዘረጋ፥ ነጂው በጎን ነፋስ ከመታገል ይድናል። ድንጋዩ ይለቀም፤ የግራር እሾህ ይጠረግ፤ ጎርፍ የቦረቦረው ይደልደል፤ ከብትም እንዳይገባበት ጠባቂ ይቁም። የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ጨርቅ በረጅም እንጨት ላይ ይሰቀል። ይህም ሁሉ አንበጣው ሳይመጣ አስቀድሞ ይሠራ፤ መንጋው ከታየ በኋላ ሜዳ መደልደል እሳት ከተነሣ በኋላ ጕድጓድ እንደ መቈፈር ነውና።