የናፍጣ መኪና የሚያዋጣው ለማን ነው?

የአዲስ አበባ የመኪና ደላላ የናፍጣ መኪና ሲያሻሽጥ የማይረሳት አንዲት አባባል አለችው፦ «ነዳጅ አትጠጣም»። አልዋሸም። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የሚበልጥ ኃይል አለው። ሞተሩም በካንዴላ ሳይሆን አየሩን አምቆ በማጋል ስለሚያቀጣጥል ከነዳጁ ብዙ ሥራ ያወጣል። ደላላው የሚዘለው ስሌት ግን አለ፤ ይህ ቁጠባ መኪናዋ የተወደደችበትን ገንዘብ በስንት ዓመት ይመልሳል?

እስቲ እናስላው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሳምንት በወጣው ታሪፍ ቤንዚን በሊትር 91 ብር ከ14 ሳንቲም፣ ናፍጣ 90 ብር ከ28 ሳንቲም ነበር። በመካከላቸው አንድ ብር እንኳ የለም፤ ስለዚህ ናፍጣ ርካሽ ስለሆነ ይቆጥባል የሚለው የድሮ ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል፤ የሚቀረው የፍጆታው ልዩነት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ቤንዚኗ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር፣ ናፍጣዋ 8 ሊትር ትፈጃለች፣ ናፍጣዋ ደግሞ በ500,000 ብር ትወደዳለች እንበል። በየ100 ኪሎ ሜትሩ የሚተርፈው 280 ብር ገደማ ነው። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት እየተመላለሰ በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 42,000 ብር ገደማ ይቆጥባል። ግማሽ ሚሊዮኑን ለማስመለስ ወደ 12 ዓመት ይፈጅበታል። ያንኑ ገንዘብ በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢያስቀምጠው በዓመት 35,000 ብር ባገኘ ነበር። ልፋቱ ሁሉ ለ7,000 ብር ሆነ ማለት ነው፤ እሱንም አንድ የዘይትና የፊልትሮ ቅያሪ ሊውጠው ይችላል።

በዓመት 50,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ግን ሌላ ሰው ነው። አዲስ አበባ–ጅማ የሚመላለስ ነጋዴ፣ ክፍለ ሀገር የሚዞር የግንባታ ተቋራጭ 140,000 ብር በዓመት ይቆጥባል፤ ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ ገንዘቡን ያገኛል። ቁጥሮቹን በዛሬው ታሪፍና በሚገዙት መኪና ዋጋ ተክተው ይድገሙት፤ መንገዱ ያው ነው።

ከነዳጁ ይልቅ ኪስ የሚያራቁተው ጥገናው ነው። «ናፍጣ» ተብለው በአንድ ስም የሚሸጡት መኪኖችም በዚህ በኩል አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ባለ መካኒካል ፖምፓዎቹ ናቸው፤ በላንድክሩዘር 70 ላይ የተገጠመው ባለ 4.2 ሊትሩ «ዋን ኤችዜድ»፣ በድሮ ሃይሉክስና ሃይኤስ ላይ ያለው «ፋይቭ ኤል» የዚህ ወገን ናቸው። ኮምፒውተር አይጠይቁም፤ የትም ከተማ ያለ መካኒክ ይፈታቸዋል። ዋጋቸው ዕድሜያቸውን ንቆ የቆመው ለዚህ ነው። ጉድለትም አላቸው። ቱርቦ ስለሌላቸው አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታዋ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበታቸውን ትቀማቸዋለች። ወደ እንጦጦ ጭነው ሲወጡ ከኋላ የሚከተላቸው ጥቁር ጭስ ምስክር ነው።

ሁለተኛዎቹ «ዲፎርዲ» የሚባሉት ናቸው፤ የሃይሉክስ ቪጎ 2.5 እና 3.0 ሊትር፣ ከእነሱ ቀጥሎ የመጣው ሬቮ። ቱርቦ ስላላቸው ከፍታ አያሸንፋቸውም፤ ይፈጥናሉ፣ ይቆጥባሉ። ነገር ግን ነዳጁን ከ1,300 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫሉ፤ የመኪና ጎማ አየር እኮ ከ2 ባር ብዙም አይዘልም። እንዲህ ያለ ግፊት በሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። አራት ኢንጀክተር በአንድ ጊዜ ማስቀየር የዓመቱን የነዳጅ ቁጠባ ጠራርጎ ይወስዳል። የቪጎው ሞተር የታይሚንግ ቺንግያው በ150,000 ኪሎ ሜትር ካልተቀየረ ተበጥሶ ቫልቩን ከፒስቶን ሊያጋጭ ይችላል፤ የሬቮው ግን ሰንሰለት ነው። ለእኔ ይህ አንድ ነገር ብቻ ለሬቮ ትንሽ ጨምሮ መክፈልን ያስመርጣል።

ሦስተኛዎቹን ለከተማ ነዋሪ አልመክርም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በአውሮፓ በአዲስነት የተሸጡ ናፍጣ መኪኖች የጥቀርሻ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ ለማቃጠል ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጋል አለበት፤ ከቦሌ ሜክሲኮ በመጨናነቅ ውስጥ መሳብ ለዚህ አይበቃም። ማጣሪያው ይደፈናል፤ ቀጥሎ መካኒኩ «እንቁረጠው» ይላል። የቆዳ መቀመጫውና ትልቁ ስክሪን ያን ቀን አይታዩም።

መልሶ መሸጥስ? መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ ያሉት መኪኖች ተፈላጊነት ጨምሯል። ከዚያ በፊትም የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ 100 በመቶ ጥሎ ነበር፤ አብዛኞቹ ናፍጣዎች ከዚህ መስመር በላይ ናቸው። አቅርቦት ሲጠብ ዋጋ ይወጣል። ሆኖም «መኪናዬ በአንድ ዓመት ግማሽ ጨመረች» የሚል ባለቤት ከመደሰቱ በፊት ብሩን ይይ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አልፏል። ያችው መኪና በብር ወጥታ በዶላር ወርዳ ሊሆን ይችላል። መለዋወጫው ደግሞ የሚገባው በዶላር ነው።

ስለዚህ በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የማይሞላ፣ ከከተማ የማይወጣ ሰው ቤንዚን ይግዛ፤ ቤቱ ቻርጅ ማድረግ የሚችል ከሆነም ኤሌክትሪኳን ያስብ። ገጠር ለገጠር የሚሠራ፣ ከጋራዥ የሚርቅ የድሮውን ላንድክሩዘር አይናቅ። አስፋልት የሚበዛለት ረጅም መንገደኛ ሬቮ ይያዝ። የመረጡት ዲፎርዲ ከሆነ ሊብሬውን ከመቀበልዎ በፊት መኪናውን ወደ ፖምፓ ባለሙያ ይውሰዱና የእያንዳንዱን ኢንጀክተር የመልስ ፍሰት ያስለኩ። ሻጩ «አያስፈልግም» ካለ ሌላ መኪና ይፈልጉ።